አሸዋ መላሿ ሸጊቱ

ሸጊቱ ቢራራን ያወቅኋት በ1981 ዓ.ም. ዳባት አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ነው። የእኔንና የእሷን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ባይሞላም ላያት ሰው ሃምሳ ያለፋት ትመስላለች። ለመንገድ ሥራ የሚሆን ድንጋይ በመዶሻ እየፈለጠች ጠጠር ታደርጋለች፤ ከሥራ ስትመለስ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ጎረቤት ለቡና አይጠራትም፤ እድር አልተቀበላትም። ምን በድላ እንደሆነ የግቢውን ባለቤት ብጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የደባርቅን አዳራሽ የጣለችው እሷ ናት፤ ስድስት ነፍስ አለባት» አሉኝ።

ነገሩን ከራሷ አፍ ለመስማት ስድስት ወር ፈጀብኝ። የጎደለውን ደግሞ አብረዋት ከሠሩ ሰዎች ጠይቄ ሞላሁት።

ሸጊቱ የተወለደችው በየዳ ነው፤ ከገብስና ከበግ በቀር ሌላ ሀብት በማይታወቅበት ብርዳም አገር። ገና ልጅ ሳለች አለነ ለሚባል ሰው ድረዋት ከእሱ ጋር ደባርቅ ወረደች። በ1965 ጽጌሬዳን ወለደች። በ1969 አለነን ለሚሊሺያ መለመሉት። ኤርትራ መድረሱ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሸጊቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለማልቀስ ስትነሣ ከቀበሌ ሰዎች መጥተው፣

«መንግሥት ሞተ ሳይል ማልቀስ የጠላት ወሬ መንዛት ነው» አሏት።

ነጠላዋን አቃንታ ለበሰችና ሥራ ፍለጋ ወጣች። እንጨት ለቀመች፤ የሰው ልብስ አጠበች፤ ለጠላ ቤቶች ውኃ ቀዳች።

በ1975 ጥቅምት ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ ላይ የሕዝብ አዳራሽ ሊሠራ ነው ተባለ። አሥረኛው የአብዮት በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ መስከረም 2 ቀን 1977 መመረቅ አለበት። አዳራሹ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ ከበሩ ፊት ግን አራት ምሰሶ ላይ የሚያርፍ ሶሌታ፣ ማለትም ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ጣሪያ፣ ይደረግለታል። በበዓሉ ቀን የክብር እንግዶች ሶሌታው ላይ ቆመው ሰልፉን ያያሉ፤ ሕዝቡ ከሥሩ አልፎ ወደ አዳራሹ ይገባል።

ሸጊቱ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥራ ባሬላ ተሸካሚ ሆነች። ባሬላ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልስበት የእንጨት ቃሬዛ ነው። እሷ ከፊት ትይዛለች፤ ከኋላ አበባ የምትባል የሰፈሯ ሴት። አበባ ባሏ ደረቱን የሚያመው፣ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ቀኑን ሙሉ እየተሸካከሙ፣ በምሳ ሰዓት ቆሏቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ ዘርግፈው እየበሉ አንድ ዓመት ያህል ሠሩ። ሸጊቱ ስለ አበባ ስትነግረኝ «የኋላዬ» ትላት ነበር።

የሥራው ተቆጣጣሪ አቶ ወልደ ሩፋኤል የጎንደር ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ድልድይና መንገድ ሲሠራ ውለው ያደሩ ናቸው፤ በሥራ ቦታ ሲስቁ ያያቸው የለም። በሁለተኛው ሳምንት ሸጊቱና አበባ የጫኑትን ባሬላ አስቆሙና ጎንበስ ብለው ከአሸዋው ዘገኑ።

«ከየት ነው ያመጣችሁት?»

«ከክምሩ ነው፣ ጌታዬ» አለች ሸጊቱ።

«ከክምሩ አይደለም። የክምሩን ሥር ጠርጋችሁ አፈር ጭናችሁ መጣችሁ።»

ባሬላውን በእግራቸው ገለበጡት። እርጥቡ አሸዋ የሸጊቱ ባዶ እግር ላይ ፈሰሰ። ሠራተኛው ሳቀ። ያን ቀን ሽማግሌውን ረገመቻቸው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አሸዋ ስትዝቅ ዓይኗ ማየት ጀመረ። ከወር በኋላ ራሷ ሄዳ ከፊታቸው ቆመች።

«ዛሬ መኪናው ያራገፈው ጥሩ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሳሸው መዳፌ ላይ ጭቃው ይቀራል። ድምፁም ሌላ ነው። ንጹሑ ሻር ሻር ይላል፤ ይኸኛው ዝም ይላል።»

አቶ ወልደ ሩፋኤል አላመሰገኗትም። በማግሥቱ ግን አፈ ሰፊ የማርማላታ ጠርሙስ ሰጧት፤ መኪና ባራገፈ ቁጥርም ከባሬላው እየጠሩ አጠገባቸው ያስቀምጧት ጀመር። ጠርሙሱን በአሸዋ እስከ ግማሽ ትሞላለች፤ ጨው የነካው ውኃ ትጨምራለች፤ በኃይል ትንጠዋለች፤ ከዚያ ሳትነካው ትተወዋለች። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፤ ጭቃው ከላዩ እንደ ቅባት ይጋደማል። የጭቃው ውፍረት ከትንሿ ጣቷ ጥፍር ካለፈ አሸዋው ይመለሳል።

«ሲሚንቶና አሸዋ ባልና ሚስት ናቸው» አሏት። «መካከላቸው ጭቃ ከገባ አይጋቡም። የተጋቡ መስለው ይቆሙና ሸክም ሲመጣ ይለያያሉ። የሰው ፊት አይተሽ እንዳታሳልፊ። የእኔም ፊት ቢሆን።»

በየሳምንቱ የሚሞሉት ቅጽ ነበራቸው። ፌሮ ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ እያንዳንዱ የየራሱ መስመር አለው፤ በየመስመሩ ያየው ሰው ይፈርማል። ሸጊቱ ፊደል ስለማታውቅ በአሸዋው መስመር ላይ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች። የመጀመሪያውን ዕለት ቀለሙን ሳትታጠብ ቤቷ ገብታ ጣቷን ለጽጌሬዳ አሳየቻት።

የመሠረቱና የምሰሶው አሸዋ የመጣው ከዛሪማ ወንዝ ነበር፤ መኪና የሊማሊሞን ዳገት እያቃሰተ የሚያወጣው ነጭና ሻካራ አሸዋ። በ1976 ጥር ግን መንገዱ በውጊያ ተዘጋ፤ መኪኖቹ ቀሩ። ከዚህ በኋላ አሸዋው በደባርቅ ዙሪያ ካሉ ጅረቶች በአህያ እንዲመጣ ተወሰነ። የከተማው ድኃ ሁሉ በዚህ ሥራ ተረባረበ። አበባም ባሬላውን ትታ ከአባቷ ሁለት አህያ ተውሳ አሸዋ ማምጣት ጀመረች።

የጅረቱ አሸዋ ጥቁርና ለስላሳ፣ ግማሹ አፈር ነበር። ሸጊቱ ጠርሙሷን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ካመጡት አሥር ጭነት ሰባቱን ትመልሳለች። የተመለሰበት ሰው የዚያን ቀን ድካሙ ከንቱ ነው፤ የጭነቱን ዋጋ ሊወስድ ከፈለገ ተመልሶ ጅረት ወርዶ ማጠብ አለበት። ሴቶቹ «መላሺት» የሚል ስም አወጡላት። አንዷ ፊቷ ላይ ተፋችባት። ሌላዋ ጽጌሬዳን ውኃ መንገድ ላይ ጠብቃ እንስራዋን ሰበረችባት።

አበባ በመጣች ጊዜ ሸጊቱ ከጆንያዋ አሸዋ ዘገነች። ጠርሙሱን ናጠች። ጭቃው ሁለት ጥፍር ሆነ።

«አይሆንም፣ አበባ።»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ወስደሽ እጠቢው።»

«ወፍ ሳይንጫጫ የወጣሁ ነኝ። ሰውየው ታሟል፤ ልጆቹ ምንም አልቀመሱም። ይህችን ብቻ አሳልፊልኝ።»

«አልችልም።»

አበባ ጆንያዎቹን መልሳ ጫነች። በሦስተኛው ቀን እንደገና መጣች፤ አጥቤዋለሁ አለች፤ ከላይ ያለው ታጥቧል፤ ሸጊቱ ክንዷን ወደ ጆንያው ሥር ሰድዳ ከታች ዘገነች። ከታች ያለው አልታጠበም። እንደገና መለሰችው። በዚህ ጊዜ አበባ ጆንያዎቹን እዚያው ሜዳው ላይ ዘርግፋ አህዮቿን እየነዳች ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታ ተቋረጠ። በዚያ ክረምት የአበባ ትንሹ ልጅ ሞተ። ሸጊቱ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ከደጅ መለሷት።

«ልክ ነበርኩ» አለችኝ ሸጊቱ። «ልክ መሆን እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፣ መምህር።»

ሐምሌ ላይ ጓድ ገሠሠ ከአውራጃ መጡ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ካኪ የሚለብሱ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ካድሬ ናቸው። የበዓሉ ዝግጅት በሙሉ በእሳቸው ላይ ነው። ሶሌታው አልተሞላም፤ እንጨቱ ተረብርቧል፤ ፌሮው ታስሯል፤ አሸዋ ብቻ ነው የቀረው። ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት አቶ ወልደ ሩፋኤልን ጠየቁ።

«ምንድን ነው የሚጠበቀው?»

«ንጹሕ አሸዋ ነው የሚጠበቀው። ጅረቱ በክረምት ደፍርሷል። ያለውን ለማጠብ ሦስት ሳምንት ያስፈልገኛል። ከተሞላ በኋላ ድጋፉ ሃያ ስምንት ቀን ሳይነካ መቆየት አለበት፤ በደባርቅ ብርድ ሲሚንቶ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ለበዓሉ አይደርስም። እንግዶቹን በእንጨት መድረክ ላይ አቁሟቸው።»

«መመሪያው በሶሌታው ላይ ይላል።»

«ጓድ፣ ሲሚንቶ መመሪያ አይሰማም።»

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ጓድ ገሠሠ አልተቆጡም፤ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ሽማግሌውን ከሥራ ቦታው ወሰዷቸው። አሻጥረኛ ናቸው ተባለ። ሲወሰዱ ወደ ሸጊቱ ዞር ብለው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ጠርሙሱን ያዢ።»

ሥራው ለፎርማኑ ለሻረው ተሰጠ። ሻረው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ነሐሴ 10 ቀን ሶሌታው እንዲሞላ ታዘዘ። ባለፉት ወራት የተመለሰው፣ ሜዳው ላይ የተዘረገፈው አሸዋ ሁሉ ተጠርጎ ተሰበሰበ፤ አበባ የዘረገፈችውም አብሮ። ሸጊቱ በዚያ ጠዋት ጠርሙሱን ሞልታ ናጠችው፤ ጭቃው ሁለት ጣት ሆነ። ወስዳ ለሻረው አሳየችው።

«ጋሼ ሻረው፣ ይዩት።»

ሻረው ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብሎ ውኃውንም አሸዋውንም ሣሩ ላይ ደፋው።

«እኔ ምንም አላየሁም። አንቺም አላየሽም» አለና ጀርባውን ሰጣት።

ባሬላዎቹ መመላለስ ጀመሩ። ዝናብ እየዘነበ ሶሌታው በአንድ ቀን ተሞላ።

በማግሥቱ ጓድ ገሠሠ ቢሮ አስጠሯት። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የፌሮው መስመር ተፈርሟል፤ የሲሚንቶው ተፈርሟል፤ በተቆጣጣሪው ቦታ ሻረው ፈርሟል። የአሸዋው መስመር ባዶ ነው።

«አሻራሽን እዚህ ላይ» አሏት።

«አሸዋው ቆሻሻ ነበር፣ ጓድ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«ቆሻሻ ነው ብዬ እያወቅኩ እንዴት አድርጌ?»

«ሸጊቱ» አሉ ጓድ ገሠሠ ለስለስ ብለው፣ «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«አባቷ የለም አይደል? አንቺም ወልደ ሩፋኤል ወዳለበት ብትሄጂ ማን ያሳድጋታል?»

ሸጊቱ ባዶውን መስመር አየች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እግሯ ላይ የደረቀው ሲሚንቶ እየተፈረፈረ የቢሮው ወለል ላይ እንደወደቀ፣ ቆሻሻ አደረግኩባቸው ብላ እንዳፈረች ታስታውሳለች።

«ድጋፉን እስከ መስከረም 3 ካልነካችሁት» አለች በመጨረሻ። «ሃያ ስምንት ቀኑ የሚሞላው ያን ቀን ነው። ከእንጨቱ ጋር ከሆነ ምናልባት ይቆም ይሆናል።»

«አይነካም» አሉ ጓድ ገሠሠ። «ቃሌ ነው።»

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። አጥርታ አሳረፈችው፤ አቶ ወልደ ሩፋኤል እንዳስተማሯት፣ ሳታንሸራትት።

ነሐሴ 28 ቀን ድጋፉ ተነሣ። የክብር እንግዶች መግቢያ የእንጨት ጫካ መስሎ እንዳይታይ ነው ተባለ። ሸጊቱ ሮጣ ሻረው ዘንድ ሄደች። ሻረው ለራሱ የሚናገር ይመስል «ከላይ ታዟል፣ ከላይ ታዟል» ይላል። ጓድ ገሠሠን ልትጠይቅ ሄዳ ሦስት ሰዓት በር ላይ ቆማ ዋለች፤ አላስገቧትም። ሶሌታው ግን ቆመ። አንድ ቀን ቆመ፣ ሁለት ቀን ቆመ፤ ሠራተኛው እሷን እያየ ይጠቃቀስ ጀመር። በአምስተኛው ቀን እሷም ራሷን መጠራጠር ጀመረች።

ጳጉሜ 4 ቀን ጠዋት የሴቶች ማኅበር አባላት አዳራሹን እንዲያጸዱ ታዘዙ። ሶሌታው ላይ ወንዶች የብረት ፍሬም ያለው ትልልቅ ሥዕልና መፈክር፣ ሃያ ከባድ ወንበር፣ አፈር ተሞልቶ ተክል የተተከለበት በርሜል እያወጡ ነው። ሸጊቱ ቀና ብላ የሶሌታውን ሆድ አየች። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች፤ የሌሊቱ ዝናብ በስንጥቋ ጠብ ጠብ ይላል።

ሴቶቹ መጥረጊያ ይዘው ወደ በሩ ይመጣሉ። ከፊት ያለችው አበባ ናት። ሸጊቱ መንገዷ ላይ ቆመች።

«አትግቢ፣ አበባ። በሥሩ አትለፊ።»

አበባ ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት።

«ደግሞ ምን ልትመልሺ ነው?»

«ተሰንጥቋል። ቀና ብለሽ እይው።»

«አሸዋዬን መለስሽ፤ ዝም አልኩ። ልጄን ቀበርኩ፤ ዝም አልኩ። ዛሬ ደግሞ እኔኑ ትመልሽኛለሽ?»

«በልጄ ይዤሻለሁ!»

«ባሳለፍሽልኝ ኖሮ የእኔም ይኖር ነበር» አለችና በትከሻዋ ገፍታት አለፈች። ሌሎቹ ተከተሏት። አንዷ «መላሺት» አለችና ሁሉም ሳቁ።

ሸጊቱ ልብሷን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። የሰማችው ጩኸት አልነበረም፤ እንደ ጆንያ መቀደድ ያለ ድምፅ ነው። መካከሉ ጎበጠ፤ ወንበሩም በርሜሉም ወደ መካከል ተንሸራተተ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወረደ።

አቧራው ሳይበርድ ሸጊቱ ፍርስራሹ ላይ ነበረች። በጥፍሯ ትቆፍራለች። ሲሚንቶው እንደ ደረቀ ቂጣ በእጇ ውስጥ ይፈረከሳል፤ ውስጡ እንደ ጥቁር አፈር ለስላሳ ነው። አበባን ከሰዓት በኋላ አወጧት። የሞቱት ስድስት ናቸው፤ አምስት ሴቶችና ከላይ የነበረ አንድ አናጢ። ሌላ አንዲት ሴት ሁለት እግሯን አጣች።

ሟቾቹ በዚያው ቀን እንዲቀበሩ ታዘዘ። በዓሉ እስኪያልፍ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ተከለከለ፤ የሀዘን ድንኳንም አልተፈቀደም። መስከረም 2 ፍርስራሹ በሸራ ተሸፍኖ በዓሉ ከሜዳው ማዶ ተከበረ። እንግዶቹ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሙ። የአበባ ሁለት ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ጋር ባንዲራ ይዘው ተሰለፉ፤ ባሏ እያሳለ አጨበጨበ።

ከዚያ ማጣራት ተጀመረ። ሦስት ሰዎች ከጎንደር መጡ፤ ፍርስራሹን በእጃቸው ፈርክሰው አዩ፤ አሸዋው ነው አሉ። ቅጹ ወጣ። በአሸዋው መስመር ላይ ጥርት ያለ አውራ ጣት አለ። ሻረው ተጠየቀ፤ ቆሻሻ አሸዋ እንዳልታየው፣ ሸጊቱም ምንም እንዳልነገረችው መሰከረ። በመስከረም አጋማሽ ወሰዷት። ጽጌሬዳ ከኋላ እየሮጠች እስከ ከተማው መውጫ ተከተለቻት፤ አንዱ ታጣቂ ድንጋይ ወርውሮ መለሳት።

ጎንደር ወስደው ውስጥ እግሯን እየገረፉ ገለበጡት። በአሻጥር ማን እንዳሰማራት ሲጠይቋት «ማንም» አለች። ጓድ ገሠሠ እንዳስገደዷት ስትናገር በበለጠ መቷት፤ ሁለተኛ አልተናገረችም። ፍርድ ፊት ስትቀርብ ምስክር ብለው ያመጡት አቶ ወልደ ሩፋኤልን ነው። ከሁለት ወር እስር በኋላ የፊት ጥርሳቸው የለም፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። እውነቱን ከተናገሩ እንደሚፈቱ ተነግሯቸዋል።

«ይህችን ሴት ታውቃታለህ?» አላቸው ዳኛው።

«አውቃታለሁ።»

«አሸዋ መመርመር ያስተማርካት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ንጹሑን ከቆሻሻው መለየት ትችላለች?»

«ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደ እሷ የሚለይ የለም።»

«እንግዲያው አሻራዋን ስታሳርፍ ቆሻሻ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ሸጊቱ አዩ። እሷም አየቻቸው። አላውቅም ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። አንድ ጊዜ፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ያሳልፋሉ ብላ።

«ታውቅ ነበር» አሉ።

በኢኮኖሚ አሻጥር አራት ዓመት ተፈረደባት። አቶ ወልደ ሩፋኤል በሳምንቱ ተፈቱ። ከተፈቱ በኋላ በአንዱ እሑድ ዳቦ ይዘው ሊጠይቋት መጡ። በሽቦው አጥር ማዶ ለማዶ ቆሙ።

«አስገድደዋት ነው ብለው ለምን አልተናገሩልኝም?» አለቻቸው።

«አልጠየቁኝም» አሉ።

ዳቦውን ተቀበለቻቸው። ረሃብ ነበረና በላችው። ሁለተኛ አልመጡም፤ በዓመቱ መሞታቸውን ሰማች። አላለቀሰችም፣ አልተደሰተችም። ጓድ ገሠሠ ደግሞ ከፍ ወዳለ ቦታ ተሹመው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዱ። ሻረው ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ይዞራል የሚል ወሬ ነበር።

በ1981 ጥቅምት ተፈታች። መጀመሪያ ደባርቅ ሄደች። ቤቷን ቀበሌ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ወደ አበባ ቤት ሄዳ ከደጅ ተንበረከከች፤ ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር። የአበባ ባል በልጁ ተደግፎ ወጣ።

«ልትሸኚን መጣሽ? ገና ሦስት ቀርተናል» አላትና በሩን ዘጋው።

ጽጌሬዳን ሥራዬ የምትባል የአባቷ እኅት ወስዳት አምባ ጊዮርጊስ እንደዳረቻት ሰማች። በእግሯ ሄደች፤ ሁለት ቀን ፈጀባት። የእህል ነጋዴ ቤት ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ቆርቆሮው አዲስ። አንዲት ወጣት ሴት ገብስ አስጥታ ዶሮ ትከላከላለች። ቁመቷ የአለነን ቁመት ነው። ሸጊቱ አጥሩ ጥግ ቆማ አየቻት። ልጅቷ ቀና አለች፤ ፊቷ ልውጥ አለ፤ አወቀቻት። ሁለት እርምጃ ወደ አጥሩ መጣች።

ከቤቱ ውስጥ የአማቷ ድምፅ ተሰማ።

«ማን ናት?»

ጽጌሬዳ ዞር ብላ ቤቱን አየች፤ ከዚያ እናቷን።

«መንገደኛ ናት። ውኃ ጠየቀች።»

ገብታ በጣሳ ውኃ አመጣችላት። ሸጊቱ ጣሳውን ስትቀበል ጣቶቻቸው ተነካኩ። ጠጣች፤ ጥሟት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

«እናቴ ሞታለች ብዬ ነው የገባሁት» አለች ጽጌሬዳ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «የደባርቁን ነገር ቢያውቁ አንድ ቀን አያሳድሩኝም። በእመቤቴ፣ ሁለተኛ አትምጪብኝ።»

«አልመጣም» አለች ሸጊቱ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት» ብላ ጣሳውን መለሰች።

ወደ ደባርቅ መመለስ አልቻለችም፤ በየዳም ቢሆን ሰው የላትም። ዳባት ላይ እግሯ ቆመ። የመንገድ ሥራው ቅጥር ላይ ምን ታውቂያለሽ ሲሏት ድንጋይ መፍለጥ ብላ መለሰች።

ግንቦት ላይ እኔ ፈተና እያረምኩ ደጅ ተቀምጬ፣ እሷ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ጠጠሯን እየከመረች ሳለ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣች አንዲት እህል ሻጭ ጥላ ፍለጋ ግቢያችን ገባች። ከግቢው ባለቤት ጋር ወሬ ጀመሩ። የዚያ የእህል ነጋዴ ምራት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሦስት ቀን አምጣ ልትሞት ነበር አለች። የሸጊቱ መዶሻ ቆመ።

«በሰላም ተገላገለች?» አለች ከዚያው ከተቀመጠችበት።

«ኧረ በሰላም፤ ማርያም ማረቻት።»

«እሰይ።»

ሴትየዋ ዞር ብላ አየቻት። «ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«አላውቃትም» አለች ሸጊቱ፤ መዶሻዋንም አነሣች።